የአዛርያ እናት አላለቀሰችም

አዛርያ የሚለውን ስም እኛ አገር የማያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከአናንያና ከሚሳኤል ጋር እቶን እሳት ውስጥ ተጥሎ ጠጉሩ እንኳ ሳይለበለብ የወጣው ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 2 ቀን ሠለስቱ ደቂቅ ተብለው ይታሰባሉ። ክብረ ነገሥትን የገለጠ ደግሞ ሌላ አዛርያ ያገኛል፤ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ታቦተ ጽዮንን ይዞ የመጣውን የካህኑን የሳዶቅን ልጅ። ስሙ ከዕብራይስጥ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «እግዚአብሔር ረዳ» እንደማለት ነው። ምንም ክፉ ነገር የለበትም።

አውስትራሊያ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1980 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ይኸው ስም «በምድረ በዳ የሚቀርብ መሥዋዕት» ማለት ነው ተባለ። ማን አለ? እንጃ። ወሬ አባት የለውም። ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲነገር ግን መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚያይ ሰው ጠፋ። አዛርያ ቻምበርሌይን የምትባለው ሕፃን የ9 ሳምንት ጨቅላ ነበረች። እናቷን ነፍሰ ገዳይ ለማድረግ ስሟ ራሱ ምስክር ሆኖ ተጠራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊንዲና ማይክል ቻምበርሌይን ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውንና አዲሷን ሕፃን ይዘው በአውስትራሊያ መሀል በረሃ ወደሚገኘው ትልቁ ቀይ አለት፣ ያኔ ኤርስ ሮክ ይባል ወደነበረው ኡሉሩ፣ ለሽርሽር ሄዱ። ማይክል የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነበር። ኦገስት 17 ቀን ማታ እናትየው ሕፃኗን ድንኳን ውስጥ አስተኝታ ምግብ ወደሚበስልበት ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ የሕፃን ድምፅ ተሰማ። ስትሮጥ አንድ ዲንጎ ከድንኳኑ ሲወጣ አየች። ዲንጎ የአውስትራሊያ የዱር ውሻ ነው። አልጋው ባዶ ነበር። «ዲንጎው ልጄን ወሰዳት!» ብላ ጮኸች።

የዚያ ምድር ተወላጆች ዱካ በማንበብ የታወቁ ናቸው። የዚያኑ ሌሊት ተጠርተው የዲንጎ ዱካ ተከተሉ፤ አውሬው አንድ ነገር ተሸክሞ እንደሄደና የሆነ ቦታ ላይ መሬት አስቀምጦት እንደነበር ተናገሩ። ከሳምንት በኋላ በደም የተበከለው የሕፃኗ ልብስ ከድንኳኑ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተገኘ። ሬሳዋ ግን እስከ ዛሬም አልተገኘም።

የወሎ ወይም የሐረርጌ ገጠር ሰው «ጅብ ልጅ ነጠቀ» ብትለው ማስረጃ አምጣ አይልህም። ጦሩን ነው የሚያነሳው። አብዛኛው አውስትራሊያዊ ግን የከተማ ሰው ነው፤ ለሱ ዲንጎ ማለት ቱሪስት ዳቦ የሚወረውርለትና ፎቶ የሚያነሳው የበረሃ ጌጥ ነበር። ውሻ መሰል እንስሳ ሰው ይበላል የሚለው ነገር አልዋጥ አለው። የፓርኩ ዋና ጠባቂ ዲንጎዎቹ ሰው እየደፈሩ ስለሆነ አደጋ ይመጣል ብሎ አስቀድሞ ለአለቆቹ ጽፎ ነበር። የተወላጆቹን ቃልም ሆነ የጠባቂውን ደብዳቤ የሰማ ግን ጥቂት ነው። አገሩ ሌላ ነገር ያይ ነበር። የሴትየዋን ፊት።

ሊንዲ ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ ስለልጇ ሞት በእርጋታ ተናገረች። ዲንጎ ልብስ እንዴት አድርጎ ሊያወልቅ እንደሚችል እንኳ ሳይንቀጠቀጥ ድምፅዋ አስረዳች። ባልየው ደግሞ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ይናገራል። እንባ የለም። ፀጉር መንጨት የለም። በዚህ ላይ ሴትየዋ አለባበስ ታውቃለች። ጋዜጦቹ ፍርድ ቤት በመጣች ቁጥር ምን ቀሚስ እንደለበሰች ይጽፉ ነበር፤ የትኛው እጅጌ አጭር፣ የትኛው አበባ ያለው። «ልጇ የሞተባት እናት እንዲህ ትዘንጣለች?» ተባለ።

እዚህ ላይ አውስትራሊያውያንን ብቻ ለማማት አይመቸኝም። እኛም ለቅሶ ቤት ገብተን መጀመሪያ የምናየው የሟች እናት ፊት ነው። ደረቷን የመታችው ይታዘንላታል። ዝም ብላ የተቀመጠችው ግን፣ ሐዘኑ ቢያደርቃትም፣ በማግስቱ «አየሻት? ጠብታ እንኳ አልወጣትም!» መባሏ አይቀርም። ልዩነቱ የእኛ ሐሜት ከዕድር ድንኳን ብዙም አይርቅም። የነሱ ግን በጋዜጣና በቴሌቪዥን አህጉር አዳረሰ።

ሃይማኖታቸውም ሌላ ጦስ አመጣባቸው። አድቬንቲስቶች እኛ አገር እንግዳ አይደሉም፤ ዘውዲቱ ሆስፒታልን ደርግ እስኪወርሰው ድረስ ያስተዳድሩ የነበሩት እነሱ ናቸው። ለብዙ አውስትራሊያዊ ግን ያኔ ቅዳሜን የሚያከብር፣ ሥጋ የማይወድ፣ ምን እንደሚያደርግ የማይታወቅ ጭፍራ ነበሩ። ሕፃን ይሠዋሉ ተባለ። እናትየው አዛርያን ቀይ ጌጥ ያለው ጥቁር ቀሚስ ታለብሳት ነበር፤ ይኸው ተባለ። ስሟም እንደነገርኳችሁ ተተረጎመ።

የመጀመሪያውን የአሟሟት ምርመራ የመራው ኮሮነር ዴኒስ ባሪት ይህ ወሬ በጣም ስላሳሰበው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1981 ውሳኔውን በቀጥታ ቴሌቪዥን እንዲተላለፍ ፈቀደ። አውስትራሊያ ውስጥ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ሕፃኗን ዲንጎ ገደላት፣ ወላጆቿ ንጹሕ ናቸው አለ። ልብሱ የተገኘበት ሁኔታ ስላላማረው ግን ሬሳዋን በኋላ ያልታወቀ ሰው ሳያነሳው አልቀረም የሚል ነገር ጨመረበት። ወሬ ሊያጠፋ የወጣው ሰው እሳቱ ላይ ጭራሮ አቀበለ። «ያልታወቀ ሰው» ሲባል ሁሉም በልቡ የሚያውቀው ሰው ነበረው።

ፖሊስ ምርመራውን ቀጠለ። የቤተሰቡ መኪና ተፈታትሶ ውስጡ የጨቅላ ሕፃን ደም ተገኘ ተባለ። ከለንደን የመጣ ፕሮፌሰር ልብሱ ላይ በደም የተነከረ የሰው እጅ አሻራ አየሁ አለ። እናም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1982 ዳርዊን ከተማ ላይ ሊንዲ በነፍስ ግድያ፣ ማይክል በተባባሪነት ለፍርድ ቀረቡ። ሊንዲ እርጉዝ ነበረች። የዐቃቤ ሕጉ ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው፤ ከምግቡ አጠገብ በተለየችባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሕፃኗን መኪናው ውስጥ ወስዳ ጉሮሮዋን በስለት ቆረጠች፤ ሬሳዋን ባልየው የካሜራ ቦርሳ ውስጥ ደበቀች፤ ተመልሳ ፈገግ ብላ ምግብ አጠገብ ቆመች። ለምን? ዐቃቤ ሕጉ ምክንያቱን ማስረዳት አይጠበቅብኝም አለ። ሕጉም አያስገድደውም።

ሰባት ሳምንት ያህል ፈጀ። ከፍርድ ቤቱ ውጪ «ዲንጎው ንጹሕ ነው» የሚል ካናቴራ የለበሱ ሰዎች ታዩ። ይህን ሳነብ ያስገረመኝ ጭካኔው ብቻ አይደለም፤ ካናቴራው መታተሙ ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ቃሉን አሰበ፣ ቀለም ገዛ፣ ሌላው ሰው ብር አውጥቶ ገዝቶ በልኩ ለበሰ። አንዲት እርጉዝ ሴት ያንን እያየች ትገባለች፣ እያየች ትወጣለች።

ችሎት ላይ የልጇን ልብስ ሲያሳዩዋት አለቀሰች። ለወሰነው ሰው ግን ይህም አልጠቀመም። ሊንዲ ራሷ በኋላ ስትናገር፣ ፈገግ ካልኩ የልጄን ሞት አቃለልኩ፣ ካለቀስኩ ደግሞ እያስመሰልኩ ነው እባል ነበር ብላለች።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1982 ዳኛው ጄምስ ሚዩርሄድ ማጠቃለያቸውን ጨረሱ፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ወንዶችና ሦስት ሴቶች የሆኑት የጁሪ አባላት ለመምከር ገቡ። ጁሪ ማለት ሕግ ያልተማሩ፣ ከሕዝቡ መሀል በዕጣ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። እኛ አገር የዚህ ዓይነት ዳኝነት የለንም። የቀደሙት ሰዎች ግን አፈርሳታ የሚሉት ነበራቸው፤ ጥፋተኛ ሲጠፋ የአገሬው ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ማን እንዳደረገው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ይከለከላል። በሩን ዘግቶ ከሕዝብ አፍ እውነት መጠበቁ ይመሳሰላል። እዚያም እዚህም አንድ ችግር አለ። የሚዘጋበት ሰው ወሬውን ይዞ ነው የሚገባው።

ዳኛው በማጠቃለያቸው የባለሙያዎቹ ማስረጃ በጥንቃቄ መታየት እንዳለበት ተናግረው ነበር። አንዲት አብራቸው የሰፈረች ሴት እናትየው ከድንኳኑ ከተመለሰች በኋላ የሕፃኗን ልቅሶ በጆሮዬ ሰማሁ ብላ መመስከሯንም አስታውሰዋል። ይህ እውነት ከሆነ የዐቃቤ ሕጉ ታሪክ በሙሉ ፈረሰ ማለት ነው። ጉዳዩን ከመጀመሪያው የተከታተሉት ጋዜጠኞች አብዛኞቹ በነጻ ትለቀቃለች ብለው ጠበቁ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በመላው አገር፣ መጠጥ ቤትና መሥሪያ ቤት፣ እራት ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። የሚከራከሩበትን ነገር ስመለከት ግን አሻራና ደም እምብዛም አይነሳም። «እኔ ብሆን ኖሮ...» ነው። እኔ ብሆን ኖሮ እብድ ነበር የምሆነው። እኔ ብሆን ኖሮ ዲንጎውን በባዶ እጄ አሳድድ ነበር። እኔ ብሆን ኖሮ ያን ቀሚስ አልለብስም። እያንዳንዱ የራሱን ያልደረሰበት ሐዘን አውጥቶ ከሴትየዋ ሐዘን ጋር ያስተያያል። የራሱ ሁልጊዜ ይበልጣል። ያልደረሰ ሐዘን ምን ያህል እንደሚያምር መቼም የታወቀ ነው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ጁሪዎቹ ተመለሱ። ጥፋተኛ ናት። ባልየውም ጥፋተኛ ነው። ለሷ ሕጉ አንድ ቅጣት ብቻ ነበረው፤ ዕድሜ ልክ ከከባድ ሥራ ጋር። ባልየው በገደብ ተለቀቀ። ኖቬምበር 17 ቀን ሊንዲ በእስር ላይ እያለች ካሊያ የምትባል ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ ብዙም ሳትቆይ ከእቅፏ ተወሰደች። ይግባኙም ተራ በተራ ወደቀ። በ1984 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ፍርዱን አጸና።

ጁሪዎቹን ለመውቀስ ይከብደኛል። ነጭ ካፖርት የለበሰ ባለሙያ መጥቶ «ይህ የሕፃን ደም ነው» ሲላቸው ምን ይበሉ? ሕዝቡ ግን ባለሙያ አላስፈለገውም፤ ደሙ ተገኘ ከመባሉ በፊት ጨርሶ ነበር።

ከእስር ያወጣት የሕግ ብልሃት አይደለም፣ አጋጣሚ ነው። በ1986 መጀመሪያ ላይ አንድ እንግሊዛዊ ጎብኚ አለቱን ሲወጣ ወድቆ ሞተ። ሬሳው ሲፈለግ ዲንጎዎች በሚበዙበት ቦታ ፌብሩዋሪ 2 ቀን አንድ ትንሽ የክር ሹራብ ተገኘ። እናትየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ከላይ ነጭ ሹራብ ለብሳ ነበር» ስትል ዐቃቤ ሕጉ ውሸት ነው ያላት ሹራብ ነው። ልብሱ ላይ የዲንጎ ለሃጭ ያልተገኘው ለምን እንደሆነም ያስረዳል። ከአምስት ቀን በኋላ ተፈታች። ከዚያ የተቋቋመው የዳኛ ሞርሊንግ ኮሚሽን በ1987 ማስረጃውን አንድ በአንድ አፈረሰው። መኪናው ውስጥ የሕፃን ደም የተባለው ትልቁ ማስረጃ ፋብሪካ ውስጥ ድምፅ እንዲያፍን የተረጨ ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። ፍርዱ በሴፕቴምበር 1988 ተሰረዘ፤ በ1992 ደግሞ 1.3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ካሣ ተከፈላቸው።

ታዲያ ሰው አመነ? ብዙው አላመነም። ቀልዱ ቀጠለ፤ «ዲንጎው ልጄን በላት» የሚለው አነጋገር የአሜሪካ ቴሌቪዥን መሳቂያ እስከ መሆን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2001 ፍሬዘር ደሴት ላይ ዲንጎዎች የ9 ዓመት ልጅ ሲገድሉ ነው «ዲንጎ ሰው አይገድልም» የሚለው አፍ የተያዘው። ሰኔ 2012፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ አራተኛውን ምርመራ የመራችው ኮሮነር ኤልዛቤት ሞሪስ አዛርያን ዲንጎ ወስዶ እንደገደላት ወሰነች። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ለወላጆቿ ሐዘኗን ገለጸች። የሞት ምስክር ወረቀቱም ተስተካክሎ ተሰጣቸው።

ማይክል በ2017 ሞተ። ጥቁሯ ቀሚስ አሁን በአውስትራሊያ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ናት። ካንቤራ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሰዎች ለሊንዲ የጻፏቸውን ከ20,000 በላይ ደብዳቤዎች በካርቶን አስቀምጧል። የረገሟት አሉበት፣ የጸለዩላት አሉበት፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ «ያኔ ስለአንቺ ክፉ ተናግሬ ነበር፣ ይቅር በይኝ» ያሏትም አሉበት።