ጭራቁም አብሮን ይደግ እንዴ?

ጌም የምትወዱ ልጆች ይህቺን ነገር በደንብ ታውቋታላችሁ። ስንት ሰዓት አቃጥላችሁ ጀግናችሁን ታሳድጋላችሁ፣ አዲስ ሰይፍ ታስታጥቃላችሁ፣ ደረታችሁን ነፍታችሁ ትወጣላችሁ። መንገድ ላይ ያ ትናንት ያሸበራችሁ ተራ ሽፍታ ይመጣል… እሱም አድጓል! «ታዲያ እኔ ለምን ደከምኩ?» ያሰኛል። በ2006 የወጣው «ኦብሊቪየን» የተባለው የኮምፒውተር ጌም በዚሁ ብዙ ተወቅሷል። ተጫዋቹ ባደገ ቁጥር ተራዎቹ የመንገድ ሽፍቶች ሳይቀሩ ብርቅና ውድ የጦር ልብስ ለብሰው ይጠብቁት ነበር። (ያን የመሰለ ልብስ ያለው ሰው እሱን ሸጦ አይኖርም? መንገደኛ መዝረፍ ምን አስፈለገው?)

ጥያቄው ግን ከኮምፒውተር ጌም ይቀድማል። ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ከተደረደሩበት ጠረጴዛ የመጣ ነው። እስቲ ታሪኩን ላጫውታችሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዴቭ አርነሰን የሚባል ወጣት ጓደኞቹን ሰብስቦ «ብላክሙር» በተባለ የፈጠራ ዓለም ውስጥ ያጫውታቸው ነበር። በጎረቤት ግዛት በዊስኮንሲን፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ ጋሪ ጋይጋክስ ነበረ። ሁለቱ ተባብረው በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን አወጡ። የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ለማታውቁት፦ ከተጫዋቾቹ አንዱ ዳኛ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፣ ጭራቆቹንም እሱ ያንቀሳቅሳል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይዘው «ይህን አደርጋለሁ» ይላሉ። ተሳካ አልተሳካ የሚለውን ዳይሱ ይወስናል። ጀግናው ልምድ ባካበተ ቁጥር ደረጃው ከፍ ይላል።

ችግሩም እዚሁ ጋ ይጀምራል። 1ኛ ደረጃ ላይ ያለ ጀግና በአንድ ምት ሊሞት ይችላል። 10ኛ ደረጃ የደረሰው ግን ጎብሊን አያስፈራውም። ለሁለቱም የሚሆን ጭራቅ ከየት ይምጣ?

የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነበር፤ ቆፍር! ከግንቡ ሥር ያለው ዋሻ እንደ ፎቅ ነው፣ ግን ወደ ታች። በ1974ቱ መጽሐፍ ጭራቆች በ6 እርከን ተከፍለዋል። ዳኛው ተጫዋቾቹ ያሉበትን ወለል ጥልቀት አይቶ ዳይስ ይጥላል፤ በወረዱ ቁጥር የከፋ ነገር የመገናኘት ዕድላቸው ይጨምራል። ብዛቱም ቢሆን በሰዎቹ ቁጥር ነበር። እስከ 3 ከሆኑ መሠረታዊው ቁጥር፣ ከ4 እስከ 6 ከሆኑ እጥፍ ገደማ። እኔ በጣም የወደድኩት ግን ሌላውን ነው፦ ደረጃውን የሚወርደው ራሱ ተጫዋቹ ነው። ሀብቱም አደጋውም ታች ናቸው። መቼ እንደሚወርድ የሚመርጠው እሱ፣ ከወረደ በኋላ የሚያለቅሰውም እሱ።

ታዲያ የጭራቅ ክብደት ቁጥሩ ብቻ ነው? «ድራገን» የተባለው መጽሔት አዘጋጅ ሮጀር ሙር በኅዳር 1987 የጻፈው ታሪክ አይደለም ይላል። ኮቦልድ በዚህ ጨዋታ ከደካሞቹ ሁሉ ደካማ፣ ልጅ የሚያህል ፍጡር ነው። አንድ ዳኛ ግን ኮቦልዶቹን በጠባብ መተላለፊያ አሰለፋቸው፤ እሳት አስለቀቃቸው፣ ከግድግዳ ቀዳዳ ቀስት አስወረወራቸው። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ደረጃ የደረሱ ጀግኖች እየጮሁ ሸሹ። ታች የሚጠብቋቸው የእሳት ጋኔኖች ተሻሏቸው! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

«ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት» በ1997 አሳታሚውን ከገዛ በኋላ ነገሩ ወደ ሒሳብ ሄደ። በ2000 የወጣው 3ኛ እትም ለእያንዳንዱ ጭራቅ የፈተና ቁጥር ሰጠው። ቁጥሩ 5 ከሆነ፣ በ5ኛ ደረጃ ላይ ያሉ 4 ጀግኖች ከአቅማቸው 20 በመቶ ያህሉን ከፍለው ያሸንፉታል ማለት ነው። የዳኛው መመሪያ ግን ሁሉም ፍልሚያ ልክ በልክ ይሁን አላለም። 5 በመቶው ጨርሶ ከአቅም በላይ ይሁን፣ ተጫዋቾቹም መሸሽ ይልመዱ የሚል ምክር ነበረው። ይህቺን ያስታወሰ ዳኛ ይባረክ።

የ2008ቱ 4ኛ እትም የባሰ ሒሳበኛ ሆነ። ለዳኛው ጭራቅ የሚገዛበት በጀት ተሰጠው። ጀግናው በየሁለት ደረጃው 1 ሲጨመርለት የጭራቁም ቁጥር አብሮ ይጨምራል። ትሮጣለህ፣ ትሮጣለህ፣ ያው እዚያው ነህ… ልክ ጂም ቤት እንዳለው የመሮጫ ማሽን።

በ2014 የመጣው 5ኛ እትም ፍሬኑን ያዘ። ጀግናው በ1ኛ ደረጃ ያለው የችሎታ ጭማሪ 2፣ በ20ኛው 6 ብቻ ሆነ። ስለዚህ የጎብሊን መንጋ ለትልቅ ጀግናም አደጋ ነው፤ ኮቦልዶቹ ክብራቸው ተመለሰ። አንድ ድራገን ለብቻው ከ4 ጀግና ጋር ሲገጥም ደግሞ እነሱ 4 ጊዜ ሲመቱ እሱ 1 ጊዜ ነውና ለታላላቆቹ ጭራቆች በሌሎች ተራ መሐል የሚጠቀሙበት ተጨማሪ ተራ ተሰጣቸው። ዳኞች ለጭራቅ ብዛት የሚያባዙት ቁጥርም ነበር፤ የ2024ቱ መመሪያ እሱን አስቀረው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሒሳቡ አላለቀም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሳነብ የትዝ አለኝ የራሴ ምረቃ ነው። ጋዜጠኝነት ተምሬ፣ ጋውኔን አውልቄ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሄድኩ። «የሥራ ልምድ፦ 3 ዓመት»። 1ኛ ደረጃ ላይ ላለች ጀግና የ10ኛ ወለል ጭራቅ! በቀጣዩ ዓመት ትንሽ ልምድ ይዤ ተመለስኩ፤ የሚፈልጉት 5 ዓመት ሆኗል። ሽፍታውም አድጎ ጠበቀኝ።

ታዲያ ዓለም በእኔ ልክ ይሰፋልኝ ልል ነው? አይደለም። በልኬ የተሰፋ ጭራቅ ባሸንፍ ምን ያኮራኛል? ስሮጥ አብሮኝ የሚሮጥ ግድግዳም አልፈልግም። ትናንት ያስለቀሰኝን ጎብሊን ዛሬ በአንድ ምት ስጥለው ነው ማደጌን የማውቀው። ሊጥለኝ የሚችል ዘንዶም ታች መኖሩን ልወቅ። ለኔ የ1974ቱ ዋሻ ይሻለኛል፦ ደረጃው የት እንዳለ አሳዩኝ፣ መውረዱን ለኔ ተዉልኝ።