የዞን መከላከል (ቅርጫት ኳስ)፦ የተጫዋቾች ምደባ

በቅርጫት ኳስ እያንዳንዱ ተከላካይ አንድን ተጫዋች ከመከተል ይልቅ የተመደበለትን የሜዳ ክፍል የሚጠብቅበት ስልት ዞን ይባላል። በብዛት የሚታወቀው የ2–3 አሰላለፍ ሁለት ጋርዶችን ከፊት፣ ሁለት ፎርዋርዶችንና አንድ ሴንተርን ከኋላ ያሰልፋል።

ምደባው በቁመት ብቻ አይወሰንም። ከፊት የሚቆሙት ሁለቱ እግራቸው ፈጣን መሆን አለበት፤ ክንዳቸው ከረዘመ ደግሞ ቅብብሉን ያበላሻሉ። ሴንተሩ ቅርጫቱን ይጠብቃል፤ ከኋላ ሆኖ ሜዳውን ስለሚያይም ጓደኞቹን በድምፁ ይመራል። ዝምተኛ ሴንተር የቱንም ያህል ቢረዝም ለዞን አይበጅም። ከሁሉ የሚከብደው ግን የፎርዋርዶቹ ሥራ ነው፤ ኳሷ ወደ ማዕዘን ስትሄድ ሮጠው ወርዋሪውን ይጋፈጣሉ፣ ወደ ሌላው ወገን ስትሻገር ደግሞ ወደ ቅርጫቱ ተመልሰው ለሪባውንድ ይታገላሉ። ደካማ ተከላካይን በዞን ውስጥ መደበቅ ይቻላል የሚለው አስተሳሰብ አሳሳች ነው፤ ተጋጣሚ ክፍተቱን ፈጥኖ ያገኘዋል።

ለ2–3 ዞን ጥሩ ማሳያው ጂም ቦሃይም ከ1976 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ያሠለጠኑት የአሜሪካው ሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። በ2003 የኮሌጆች ፍጻሜ ሲራክዩስ ካንሳስን በ3 ነጥብ እየመራ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ፣ የካንሳሱ ማይክል ሊ ከማዕዘን ለሦስት ነጥብ ወረወረ። ክንደ ረጅሙ ፎርዋርድ ሃኪም ዋሪክ ተወንጭፎ ደርሶ ኳሷን በመዳፉ መታት። ሲራክዩስ 81 ለ 78 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።