ከጀጎል እስከ ባሕር ዳርቻ፤ የሐረር ሰው ወደ ባሕር ስለ ወረደበት መንገድ

የገና በዓል በተቃረበ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱና በየመምህራኑ ክፍል አንድ ወሬ ይነሣል። ይኸውም ቅዳሜና እሑድን ከበዓሉ ቀን ጋር አገናኝቶ ወደ ጅቡቲ መውረድ፣ በአሸዋው ላይ ጥቂት ጊዜ ተቀምጦ ፀሓይ መሞቅ፣ ዓሣ መብላትና አየር ለውጦ መመለስ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ከሐረር ተነሥቶ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው የሚሄድበት አቅጣጫ ምን ያህል ዘመን የተረገጠ እንደ ሆነ፣ ቀድመው የወረዱትም ሰዎች በምን ዓይነት ልብ እንደ ወረዱ ብዙዎቻችን አናስብም። በዚህ መንገድ ብዙ መቶ ዓመታት ሙሉ ተመላልሰውበታል፤ ለመናፈስ ብሎ መውረድ ግን ምድር ባቡር ያመጣው ነገር ነው። ከዚያ በፊት የዕረፍት አገር ደጋው ነበር፤ ባሕሩ የንግድ፣ የሥጋትና የስደት በር ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ምድር ላይ ተቀምጣለች። ወደ ሰሜን ምሥራቅ በቀጥታ መስመር ቢለካ እስከ ዘይላም ሆነ እስከ ጅቡቲ ያለው ርቀት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ለሐረር ሰው ከአዲስ አበባ ይልቅ ባሕሩ ይቀርበዋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቅርበት በመስመር ብቻ አይለካም። ቡናውንና ቆዳውን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ከደጋው የወረደ ነጋዴ ገልዴሳ ሲደርስ ጭነቱን ወደ ግመል ያዛውር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ውሃው በጉድጓድ የሚፈለግ፣ ጥላው የግራር ብቻ የሆነ በረሓ ነውና። ምድሩም የልዩ ልዩ ጎሣዎች ስለ ሆነ አባን የሚባል ጠባቂና መሪ ሳይዙ ማለፍ አይቻልም ነበር። አባኑ ዋጋውን ተቀብሎ እንግዳውን በራሱ ስምና በጎሣው ክብር ያሳልፈዋል፤ እንግዳው ቢዘረፍ ውርደቱ የአባኑ ነው። ቅፍለቱ በዚህ አኳኋን ከ15 እስከ 20 ቀን ተጉዞ ከባሕሩ ይደርስ ነበር።

ከባሕሩ የደረሰውስ ምን አገኘ? የሞሮኮው መንገደኛ ኢብን ባቱታ በ1330 ገደማ በመርከብ ዘይላ በደረሰ ጊዜ ታላቅ ገበያ ያላት ከተማ መሆኗን መስክሮላታል፤ ነገር ግን በቆሻሻዋና በሽታዋ ምክንያት ክፉኛ ነቅፏታል። ምክንያቱንም ሲገልጽ የዓሣው ብዛትና በየመንገዱ የሚታረደው የግመል ደም ነው ብሏል። ስለዚህ ባሕሩ እየተናወጠ ሳለ እንኳ በከተማይቱ ከማደር ይልቅ በመርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። ዛሬ አንድ እንግዳ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ የሆቴሉ ባለቤት ምን እንደሚል እንጃ! ዘይላ ግን ገበያ ነበረች እንጂ መናፈሻ አልነበረችም፤ የመጣው ሁሉ የመጣው ለመሸጥና ለመግዛት፣ ሸጦና ገዝቶም ቶሎ ለመመለስ ነበር።

ከጭነቱ ጋር የሚወርድ ሌላም ነበረ፤ እርሱን ሳይጠቅሱ ማለፍ ታሪክን መቍረጥ ይሆናል። ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ሲወርድ ሰውም ተሽጦ ይወርድ ነበር። ከቤተ ሰባቸው የተነጠቁ ወንዶችና ሴቶች ልጆች በሐረር ገበያ አልፈው፣ በዘይላና በበርበራ በኩል ወደ ዓረብ አገር ይሻገሩ ነበር። ነጋዴው ባሕሩን በየዓመቱ ያየዋል፤ እነርሱ ግን ከዚህ ማዶ ሆነው ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለእነዚያ ልጆች የባሕር ዳርቻ ማለት የአገር መጨረሻ ነበር። ዛሬ ሽርሽር ብለን በምንወርድበት አቅጣጫ የእነርሱም እግር አልፏል።

ስለ ወራቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ አየር ለመለወጥ ለሚያስብ ሰው ይህ ዋናው ነገር ነውና። በ19ኛው መቶ ዓመት በበርበራ በየዓመቱ ታላቅ ገበያ ይቆም ነበር። ገበያው የሚጀምረው በጥቅምት ገደማ ሲሆን እስከ ሚያዝያ ይቆያል፤ ከሐረር የሚወርደውም ቅፍለት ከዋነኞቹ አንዱ ነበር። በእነዚያ ወራት ነፋሱ መርከቦችን ከዓረብና ከህንድ ያመጣል፤ በባሕሩ ዳርም ብዙ ሺህ ሕዝብ ይሰፍራል። በጋው አልፎ የክረምቱ ትኵስ ነፋስ ሲነሣ ሁሉም ጎጆውን ነቅሎ ይሄድና ከተማው ባዶ ይቀራል። ነጋዴው ይህን ወቅት የመረጠው ለምቾቱ ሳይሆን ለመርከቡ ነው፤ ሆኖም ዛሬ ለመናፈስ የሚወርድ ሰው ቢጠይቅ የሚነገረው ያው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው። በሰኔና በሐምሌ ጅቡቲ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ያን ጊዜ የሚወርድ ሰው ንስሐ ለመግባት ካልሆነ በቀር ምን ሊሠራ እንደሚወርድ አይገባንም።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የዓረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ የተነሣው በኅዳር ወር 1854 ሲሆን፣ ሐረር የገባው ጥር 3 ቀን 1855 ነው። በሕመምና በመንገድ ላይ ክርክር ምክንያት ጉዞው 37 ቀን ፈጀበት። በጊዜው የነገሡት አሚር አሕመድ ነበሩ፤ የጀጎል በሮችም ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። በርተን በሐረር 10 ቀን ከተቀመጠ በኋላ ወደ በርበራ እንዲሄድ ፈቃድ አገኘ፤ ከበሩ በወጣ ጊዜም ሕመሙና ጭንቀቱ በአንድ ጊዜ እንደ ለቀቀው በመጽሐፉ ጽፏል። ለእርሱ እንግዲህ ባሕሩ ማምለጫ ሆነለት። ጉዞው ለሐረር መልካም ዜና አልነበረም፤ ከ20 ዓመት በኋላ በ1875 ግብፆች ከተማይቱን ያዙና እስከ 1885 ቆዩ፤ በ1887 ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ አስተዳደሩንም ለራስ መኰንን ሰጡ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ጉዞ ነው። ራምቦ በወጣትነቱ የታወቀ ባለቅኔ ሆኖ ሳለ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ሆነ፤ በ1880 መጨረሻ በዓደን ከተማ የተቋቋመ አንድ የንግድ ቤት ወኪል ሆኖ 20 ቀን ያህል በፈረስ በረሓውን አቋርጦ ሐረር ገባ። ከጊዜ በኋላም ተመልሶ በስሙ ነገደ። በ1891 ጉልበቱ አብጦ መቆም አቃተው። ያን ጊዜ ቃሬዛውን ራሱ ነድፎ ሸራ አልብሶ አሠራና ሚያዝያ 7 ቀን 16 ተሸካሚዎች ተሸክመውት ከሐረር ወጣ። በመንገድ ላይ ዝናም መታው፤ መጠለያ ከኋላ ቀርቶበት በደበሎ ሥር ያደረበት ጊዜም ነበር። ወደ 12 ቀን ተጉዞ ዘይላ ሲደርስ የመርከብ ወለል ላይ በፍራሽ ተኝቶ ወደ ዓደን ተሻገረ። በማርሴይ እግሩ ተቈረጠ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ። ሐረር ውስጥ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቤት የሚጐበኝ እንግዳ ብዙ ነው፤ ያ ሰው ወደ ባሕር እንዴት ባለ ሁኔታ እንደ ወረደ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ የለወጠው የምድር ባቡር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ የመጀመሪያውን መስመር ከጅቡቲ እስከ ሐረር እንዲዘረጋ ያስብ ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ነገር ግን ሐዲዱን እስከ ሐረር ተራራ ማውጣት ወጪው የሚከብድ ሆነ፤ ስለዚህ መስመሩ በግርጌው አልፎ በ1902 መጨረሻ ድሬ ዳዋ ደረሰ። ቦታው በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብሎ ነበር። ስሙ አልቀጠለም፤ ንግዱ ግን ወደዚያው ወረደ። ዘይላም እንደ ገልዴሳ ሁሉ ከዚያ በኋላ እየደከመች ሄደች። በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ የመላው መስመር ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። በጥንት ጊዜ ባቡሩ በቀን ብቻ ስለሚሄድ መንገደኛው አንድ ሌሊት በድሬ ዳዋ፣ አንድ ሌሊት በአዋሽ ያድር ነበር። ከድሬ ዳዋ እስከ ባሕር ግን የአንድ ቀን መንገድ ነው። የ20 ቀን መከራ በአንድ ቀን ሲጠቃለል የሰው ልብ ይለወጣል፤ ደርሶ መመለስን፣ ሸቀጥ ሳይዙ መሄድን ማሰብ የተቻለው ከዚህ ወዲህ ነው። ሸቀጥ ሳይዙ መመለስን ግን ብዙዎች አልተማሩም፤ ይህን የጉምሩክ ሰዎች ይመስክሩ።

ባቡሩም ቢሆን ሁልጊዜ ደስታ አልጫነም። በሐረር አጠገብ በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ዐፄ ኀይለ ሥላሴ የጣልያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ በዚሁ መስመር ወርደው ግንቦት 4 ቀን 1936 ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ወጣት ሆነው ያስተዳደሩት አገር በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ምን እንደ ተሰማቸው መገመት አያስቸግርም። በ1977ም በጦርነቱ ምክንያት መስመሩ ተቋርጦ ነበር።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን ግን የመናፈስ ልማድ በመጀመሪያ ከታች ወደ ላይ መሆኑ ነው። የባሕር ዳር ሰው ሙቀቱ ሲበረታበት ወደ ድሬ ዳዋና ወደ ሐረር ይወጣል፤ ይህ ዛሬም አልቀረም። እዚያው ጅቡቲ ውስጥም ዓርታ የተባለች 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ስፍራ የብርድ መፈለጊያ ናት። እኛ የምንመኘውን ፀሓይ እነርሱ ይሸሹታል፤ እነርሱ ዋጋ ከፍለው የሚመጡበትን ነፋስ እኛ ጋቢ ደርበን እንከላከለዋለን። የሐረር ሰው ራሱ ውሃ ዳር መቀመጥ ሲያምረው የሚሄደው ወደ ሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ደርቆ ከብት ሲሄድበት ታየ፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለሱ ትልቅ ደስታ ነው። ሐይቁ በደረቀባቸው ዓመታት ያደገ ልጅ ውሃ ለማየት ጅቡቲን ቢመኝ አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ዕቅድ እንመለስ። አሮጌው ባቡር ሥራውን ጨርሷል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። ከሐረር እስከ ድሬ ዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይወረዳል፤ ከዚያ በባቡር ወይም በደወሌ በኩል በመኪና ይኬዳል። የባቡሩን የመሄጃና የመመለሻ ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ፓስፖርትና የመግቢያ ፈቃድም ያስፈልጋል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ስለ ሆነ ደመወዙን በብር የሚቀበል ሰው በሆቴል ሒሳብ እንዳይደነግጥ ኪሱን ቀድሞ ይመርምር። ለመዋኘትና በአሸዋ ላይ ለመቀመጥ ከከተማው ወጣ ብሎ ዶራሌና ኮር አምባዶ አሉ፤ በጀልባ ለሚሻገር ደግሞ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች። በዚህ ሁሉ ላይ ግን ቅዳሜና እሑድ ብቻ አይበቃም። አንዱ ቀን ለመውረድ፣ ሌላው ለመመለስ ከሄደ ለባሕሩ የሚተርፍ ሰዓት የለም፤ ቢያንስ አራት ቀን ያላገኘ ሠራተኛ ሐሮማያ ይሂድ እንላለን።

ይህን የፈጠነ ጉዞ የተካነው ሰው ሳይሆን ጫቱ ነው። ከሐረር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው አወዳይ ገበያ የተሸጠው ጫት ሳይጠወልግ መድረስ ስላለበት ሌሊቱን ተጭኖ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ቀትር አለፍ ሲል ጅቡቲ ከተማ ገብቶ ይከፋፈላል። በርተን 37 ቀን የለፋበትን መንገድ ቅጠሉ በየቀኑ ይጨርሰዋል፤ ፓስፖርቱንም የሚጠይቀው የለም።