ከአቃቤ ሰዓት እስከ ቱባ

«ቱባ ባለሥልጣን» ሲባል ሰምታችኋል፤ ሻይ ቤት ውስጥም ይባላል፣ ጋዜጣም ይጽፈዋል። ቃሉ ግን የመጣው ከሸማኔ ደጃፍ ነው። ቱባ ተጠቅልሎ ወፍሮ የተቀመጠ ክር ነው። ካልተተረተረ ድርም ማግም አይሆንም፤ ጋቢም አይወጣውም። ሕዝቡ ይህን ስም ለትልልቅ ሰዎች ሲያውሰው ያየው ውፍረታቸውን ነው፤ ሥራቸውን አልጠየቀም። («ቱባ ባህል» ስንል ያልተበረዘ ማለታችን ነው፤ እሱ ምስጋና ነው። «ቱባ ባለሥልጣን» ውስጥ ግን ትንሽ ሽሙጥ አለ።)

የቀድሞዎቹ እንዲህ አይጠሩም ነበር። ይህን ለማየት ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ሐይቅ ከተማ ውረዱ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከጎኗ ከተኛው ውሃ ነው። ውሃው ዳር፣ ዛሬ በእግር በሚገባበት ነገር ግን ቀድሞ ደሴት በነበረ ስፍራ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን የትምህርት ማዕከል አደረጉት። በእርሳቸው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈ የአራቱ ወንጌላት ብራና እስከ ዘመናችን ደርሷል። ቆም ብላችሁ አስቡት፦ ማተሚያ ቤት በሌለበት ዘመን አራት ወንጌል ማለት የስንት ፍየል ቆዳ፣ የስንት ቀን ጉብጠት ነው!

የዚህ ገዳም አበምኔት በቤተ መንግሥት የሚጠሩበት ማዕረግ «አቃቤ ሰዓት» ነበር። ዐቀበ በግእዝ ጠበቀ ማለት ነው፤ ስለዚህ ስሙ «ሰዓት ጠባቂ» ነው። የገዳሙ ትውፊት ማዕረጉን ከይኩኖ አምላክ ጋር ያያይዘዋል፤ እርሱ እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285 የነገሠው ነው። ሥራው የንጉሡን ሰዓት መጠበቅ ነው፤ ጸሎቱ መቼ እንደሚሆን፣ ማን መቼ ፊቱ እንደሚቀርብ። ስሙ ሲሰማ የደወል ደዋይ ሹመት ይመስላል። ነገር ግን የንጉሥን ደጅና ሰዓት የያዘ ሰው መንግሥትን በእጁ እንደ ያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ማዕረጉን «ካቤአታ» እያለ ይጽፋል፤ ባለ ማዕረጉንም ከንጉሡ ቀጥሎ እንዳለ ታላቅ ሰው ያየዋል። የውጭ ሰው ጆሮ ቃሉን ቢያጣምመውም ክብደቱን አልሳተውም።

ከሐይቅ ጎን አምባሰል አለ። የዚያ ገዥ «ጃንጥራር» ይባል ነበር። «ጃን» የምታውቁት ቃል ነው፤ ጃንሆይ ላይ አለ፣ ጃንሜዳ ላይ አለ፣ ከንጉሥ ጋር የተያያዘውን ነገር ያመለክታል። የነገሥታቱ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተግዘው የሚኖሩበት የግሸን አምባ በአምባሰል ነበርና፣ ጃንጥራሩ ያንን አምባ ጠባቂ ነው። አያችሁ፣ ይኸኛውም ጠባቂ! አንዱ ሰዓት ይጠብቃል፣ ሌላው አምባ። አንዱ ወደ ንጉሡ የሚገባውን ይቆጣጠራል፣ ሌላው ንጉሥ ሊሆን የሚችለው እንዳይወጣ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ ያገኘው ኢትዮጵያዊ «ጃንደረባ» በሚለው ቃል ውስጥም ያው «ጃን» አለ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሰውየው በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ «የሠለጠነ» እንደ ነበረ ይነግረናል። ሥልጣን፣ ባለሥልጣን የሚሉት ቃላት ከዚሁ ግስ ናቸው። ጸሐፊው ግን ሠልጥኖ አላለፈም፤ በምን ላይ እንደ ሠለጠነ ጨመረ። «ባለሥልጣን» ብለን ብቻ ስንተው የጎደለው ይህ ነው፤ በምን ላይ? ለማን? ቱባ ሲጨመርበት ጥያቄው ጨርሶ ይጠፋል።

ይህ የቤተ መንግሥት ወግ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። በየአዳራሾቻችን «አገልጋይ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ቃሉ ሎሌነትን ይናገራል፤ አሁን ግን «አገልጋዮች መጥተዋል» ሲባል የፊት ወንበር ይለቀቃል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወንበሩ ነው። እኔ «አገልጋይ» የሚለው ይበልጥ ያሳስበኛል። ቱባ ቢያንስ ውፍረቱን አይደብቅም።

ደግሞ በተቃራኒው የሚወርዱ ቃላት አሉ። «አቶ» ከ«አቤቶ» ያጠረ ነው፤ አቤቶ የመሳፍንት መጠሪያ ነበር፣ ዛሬ ግን የቀበሌ መታወቂያ የያዘ ወንድ ሁሉ አቶ ነው። «ወይዘሮ»ም የመኳንንት ሴቶች ማዕረግ ነበር። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን የአምባሰሉን ጃንጥራር አስፋውን አግብተው መነንን ወለዱ፤ መነንም በ1923 ዓ.ም. እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ደሴ ላይ በስማቸው የተሰየመው የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። እርሳቸው በዚያ ስም ሲጠሩ ወይዘሮነት በትውልድ የሚገኝ ማዕረግ ነበር። እዚያ የተማረች የገበሬ ልጅ ግን ስታገባ ያው ወይዘሮ ትባላለች።