አስፈሪው ፊት የማን ነበር?

«ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው» ይላል የአገራችን ምሳሌ። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በኒውዮርክ ይወጡ የነበሩት የኢ.ሲ. አሳታሚ ድርጅት አስፈሪ የሥዕል ታሪክ መጽሔቶችም የተመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነበር። ባለቤቱ ዊልያም ጌይንስና አዘጋጁ አል ፌልድስቲን በጥቂት ገጾች የሚያልቅ ትረካ ያቀርባሉ። ባል ሚስቱን፣ ነጋዴ ሸሪኩን ለጥቅሙ ሲል ይገድላል፤ ከሕግም ያመልጣል። በመጨረሻው ሥዕል ግን ሟቹ ከመቃብር ተነሥቶ በግፉ ልክ ብድሩን ይከፍለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1954 የአእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርተም ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህ ትረካዎች ወጣቱን ወደ ወንጀል ይመራሉ ሲሉ ከሰሱ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ጌይንስ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ የተቆረጠ የሴት ራስ የሚታይበትን የሽፋን ሥዕል ለአስፈሪ መጽሔት የሚገባ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ግን አልበጀውም። የመንግሥትን ቁጥጥር የፈሩት አሳታሚዎች ራሳቸው የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ፤ «ዘግናኝ» እና «አስፈሪ» የሚሉት ቃላት በርዕስ ላይ እንዳይወጡ ተከለከሉ። የደንቡ ማኅተም የሌለበትን መጽሔት አከፋፋዮች ስለማይቀበሉ አስፈሪዎቹ መጽሔቶች ከገበያ ጠፉ።

ያልተጠበቀው ፍጻሜ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣውን «የፍርድ ቀን» የተባለ ትረካ በ1956 ደግሞ ለማተም አቀረበ። በትረካው አንድ የምድር መልእክተኛ ወደ ሮቦቶች ዓለም ይሄዳል። በዚያ ብርቱካንማዎቹ ሮቦቶች፣ የውስጥ አካላቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሰማያዊዎቹን በቀለማቸው ብቻ ለይተው ይጨቁናሉ። መልእክተኛው ከከዋክብቱ ሪፐብሊክ ለመቀላቀል ገና አልደረሳችሁም ብሎ ይመለሳል፤ በመንኮራኩሩ ውስጥ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ፊቱ በላብ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሰው ሆኖ ይገኛል። ፌልድስቲን እንደተናገረው፣ የደንቡ ኃላፊ ሰውየው ጥቁር መሆን የለበትም አሉ፤ ቀጥሎም ቢያንስ ላቡ ይጥፋ ብለው ጠየቁ። ጌይንስ እምቢ ብሎ እንዳለ አሳተመው። ያ እትም የድርጅቱ የመጨረሻ ባለ ቀለም የሥዕል ታሪክ መጽሔት ሆነ።

ወርተም እ.ኤ.አ. በ1946 በሃርለም ለድሆች ጥቁሮች የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ካቋቋሙት አንዱ ነበሩ። ደንቡን አልጻፉትም፤ በቂ ነውም አላሉም። ነገር ግን ለሕፃናት ጥበቃ በተነሣው ክስ የተማሰው ጉድጓድ፣ እርሳቸው ራሳቸው የተቃወሙትን የዘር መድልዎ የሚያጋልጥ ትረካ ሊውጥ ደረሰ። ደንቡ እስከ 2011 ድረስ ቆየ። ስለዚህ መምህርም ሆነ ከያኒ፣ አንድ ሥራ ይከልከል ሲባል፣ ከሚያሳየው ደም ባሻገር የሚናገረውን ፍርድ መመርመር ይገባዋል።