ጎድጓዳ ቅርጽ (በእንጨት ሥራ)

ጎድጓዳ ቅርጽ በጣውላ ጠርዝ ወይም ፊት ላይ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ጌጥ ነው። ወደ ውጭ ካበጠው ቅርጽ በተቃራኒ ጥላ ይይዛል፤ ውበቱም ከዚሁ ጥላ ይመነጫል።

ዋና ዋና ዓይነቶቹ፦ ካቬቶ የክብ ሩብ ያህል ጉድጓድ ሲሆን፣ በጥንታዊት ግብጽ ቤተ መቅደሶች የግድግዳ ጫፍ ላይ ይታያል። ስኮሺያ ከካቬቶ የጠለቀ ነው፤ በግሪክ አዕማድ እግር ላይ በሁለት እብጥ ቀለበቶች መካከል ይገባል። ፍሉት ቁልቁል የሚወርድ ቦይ ነው፤ የአዮኒክ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ 24 ቦዮች አሉት። ሳይማ ሬክታ ከላይ ጎድጓዳ፣ ከታች እብጥ ነው፤ ሳይማ ሬቨርሳ ደግሞ ተገላቢጦሹ።

አሠራር፦ ጉድጓዱን የሚያወጣው ሆዱ ያበጠ መላጊያ ነው። ዛሬ ሥራው ራውተር በተባለ የኤሌክትሪክ መቁረጫ ይከናወናል፤ እንጨቱ እንዳይቃጠልና እንዳይሰነጠቅ በጥቂት በጥቂቱ፣ ደጋግሞ መቁረጥ ይገባል። የብርጭቆ ወረቀቱ በክብ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ሲፈገፈግ ቅርጹ አይበላሽም።

አገልግሎት፦ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ እንዳሉት ባሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች ቅርጹ ለበር፣ ለቁም ሳጥን፣ ለዞኮሎና ለኮርኒስ ዳር ይውላል። ዋንዛና ዝግባ ንጹሕ መስመር ይሰጣሉ፤ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) ግን የተቆረጠው ፊቱ ቀለም ስለሚመጥ አስቀድሞ መደፈን አለበት።

ሥራ የሚያዝ ሰው ስሙን ከመጥራት ይልቅ የቅርጹን ቁመት፣ ጥልቀትና ሬዲየስ በሚሊሜትር በወረቀት ላይ በትክክለኛ መጠኑ ሥሎ ቢሰጥ አለመግባባት ይቀራል።