መረቡን ሊጠብቅ የተቋቋመው ቫይረስ ሲገዛ

ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. ለኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረባ በስካይፕ አንድ ፋይል ደረሰ። የላኪው ስም የሚታወቅ ነው፤ ፋይሉም ለጣቢያው የተላከ ጽሑፍ ይመስላል። ውስጡ ግን ሰላይ ፕሮግራም ነበር፦ የይለፍ ቃል ይሰርቃል፣ የስካይፕ ንግግር ይጠልፋል፣ ካሜራና ማይክራፎን ይከፍታል።

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ፋይሉን መርምሮ በየካቲት ወር ይፋ አደረገ። ምልክቶቹ ያመሩት ወደ ጣሊያኑ ሀኪንግ ቲም ነው። ይህ ኩባንያ፣ በራሱ አባባል፣ ለመንግሥታት እንጂ ለሌላ አይሸጥም ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት አልተጠቀምንም ሲል አስተባበለ።

አንቲቫይረስስ የት ነበር? በአመዛኙ የሚይዘው ቀድሞ የተመዘገበ ቫይረስን ነው። ሀኪንግ ቲም ደግሞ ገንዘብ ያገኝ የነበረው ከአንቲቫይረስ በማምለጥ ነው። እነአምነስቲ እንዲህ ያለውን ሰላይ የሚፈልግ ዲቴክት የተባለ ነፃ ፕሮግራም ያወጡት በኅዳር 2007 ዓ.ም. ነው፤ ዓመት ሊሞላው ምንም ሳይቀረው።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሰላይ ሻጩ ራሱ ተሰለለ። ሀኪንግ ቲም ተጠልፎ ደብዳቤው ሁሉ አደባባይ ሲወጣ፣ ከደንበኞቹ መካከል የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ተገኘ። በ1999 ዓ.ም. የአገሪቱን መረብ ከጥቃት እንዲጠብቅ የተቋቋመው ያው ኤጀንሲ!

በኅዳር 2010 ዓ.ም. ሲቲዝን ላብ በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ ያነጣጠረ ሌላ ስለላ አጋለጠ። ሻጩ ተቀይሮ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ሆኗል፤ ወጥመዱም የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ የቀረበ ፋይል ነበር።